ሰባት ጊዜ ወደ ላይ

እኔ የአይሲቲ መምህር ነኝ፣ ይህ ነገር ሲገጥመኝ ደባርቅ ባለ አንድ ትምህርት ቤት አራተኛ ዓመቴን እያስተማርኩ ነበር፣ እና ስለ ጥላ፣ ስለ ድምፅ፣ ስለማይታይ ነገር የሚያወራ ሰው ሲያጋጥመኝ በትዕግሥት አስጨርሼ «እስቲ በቅደም ተከተል እንየው» የምል ዓይነት ሰው ነበርኩ። ኮምፒውተራቸው ሲበላሽ «ዓይን በልቶት ነው» የሚሉኝን ባልደረቦቼን ሶኬቱን አሳይቼ፣ አቧራውን አራግፌ፣ አጭር ማብራሪያ ሰጥቼ ነበር የምሸኛቸው፣ ማብራሪያው ሁልጊዜ አጭር አልነበረም፣ ይህን አልክድም። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን በዓይኔ ባላየው ኖሮ ከማንም አልቀበለውም ነበር፣ እናንተም ባትቀበሉኝ አልቀየምም፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ነገሩ የጀመረው በትምህርት ቤታችን ሰርቨር ነው። ሰርቨር ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ሽፋናቸው የተገነጠለ መጻሕፍት ከተከመሩበት አጠገብ የተቀመጠ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ማስታወሻዎችንና የመለማመጃ ጥያቄዎችን እሱ ላይ አስቀምጬ ተማሪዎች ከኮምፒውተር ክፍሉ ሆነው በኬብል እንዲያነቡ አድርጌ ነበር፣ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፣ ደግሞም አልነበረንም። ፕሮግራሙን ስሠራ ሁሉንም ከባዶ አልጻፍኩትም፣ ማንም አይጽፍም፣ ሰዎች ደክመው ጽፈው በነፃ ለዓለም የሚለቋቸው፣ ማንም ውስጣቸውን ከፍቶ ሊያይና ሊያስተካክል የሚችል የፕሮግራም ቁራጮች አሉ፣ ላይብረሪ ይባላሉ፣ ተማሪው የጠየቀውን ፋይል ፈልጎ የሚያቀብለው ክፍል ከእነዚህ አንዱ ነበር። ጎንደር ስወርድ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ በፍላሽ አውርጄ፣ ፍላሹን የሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከትቼ በአውቶቡስ ነው ያመጣሁት፣ እኛ ዘንድ ሶፍትዌር እንደዚያ ነው የሚመጣው። ችግሩ የሶፍትዌሩ ማስተካከያም በዚያው አውቶቡስ መምጣቱ ነው፣ ዓለም ሁሉ ያወቀውን ቀዳዳ እኛ የምንሰማው ወራት ዘግይተን ነው።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ ለሌላ ጉዳይ ጎንደር ወርጄ ሳለ ነው አንድ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ የላይብረሪውን ስም ሲሰማ ሳቅ ብሎ «እስካሁን እሱን ነው የምትጠቀመው?» ያለኝ፣ ከዚያም ማስጠንቀቂያውን ከፍቶ አሳየኝ። ፓዝ ትራቨርሳል የሚባል ቀዳዳ ነበረበት።

ላስረዳችሁ። ኮምፒውተር ውስጥ ፎልደር የሚቀመጠው በሌላ ፎልደር ውስጥ ነው፣ እንደ ሰሜን ተራራ ሸለቆዎች አስቡት። ጨነቅ በሚባለው የድንኳን ሰፈር እንዲያድር የተፈቀደለት ቱሪስት ጨነቅ ነው የሚያድረው፣ አብሮት ያለው ስካውት፣ የፓርኩ ጠባቂ ማለቴ ነው፣ ወደ ሌላ ቦታ እንዳይሄድ ይጠብቀዋል። ../ የምትባል ምልክት አለች፣ ሁለት ነጥብና አንዲት ዘንበል ያለች መስመር፣ ትርጉሟም «አንድ ርምጃ ወደ ላይ፣ ወደ ወረድክበት ሸንተረር ተመለስ» ማለት ነው። ሸንተረር ላይ የወጣ ሰው ደግሞ ወደ ፈለገው ሸለቆ መውረድ ይችላል። በደንብ የተጻፈ ላይብረሪ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣለት ርምጃውን ቆጥሮ እግሩ የት እንደሚያርፍ ያያል፣ ከተፈቀደው ከወጣ ይከለክላል፣ የኔው ግን ጥያቄው ከጨነቅ መነሳቱን ብቻ አይቶ የሚያሳልፍ ስካውት ነበር። በዚያው ማሽን ላይ፣ ከማስታወሻዎቹ ሁለት ሸለቆ ወዲያ፣ መምህራን ተይበው የሰጡኝ የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ተቀምጧል፣ የሁሉም ክፍል። አንድ ነቃ ያለ ተማሪ ያቺን ምልክት ሁለት ጊዜ ቢጽፍ የዓመት ድካማችን ገደል ይገባ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ጨምሬ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ወደ ላይ መውጣት ማብቂያ አለው፣ የመጨረሻው ሸንተረር ሩት ይባላል፣ ከሩት በላይ ምንም የለም፣ ሩት ላይ ሆናችሁ መቶ ጊዜ «ወደ ላይ» ብትሉ ማሽኑ እዚያው ሩት ላይ ያቆማችኋል። ይህ የኔ አስተያየት አይደለም፣ የማሽኑ ሕግ ነው። ከማስታወሻዎቹ ፎልደር እስከ ሩት አራት ርምጃ ነበር፣ አራት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዲሱን ላይብረሪ በፍላሽ ይዤ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። የሰኔ ጉም ከገደሉ ሥር ተነስቶ ግቢውን ሞልቶታል፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው ግን ከባንዲራው ምሰሶ ወዲያ የሚታይ ነገር የለም። ቤተ መጻሕፍቱ ክፍት ነበር፣ እትዬ አበሩ ውስጥ ናቸው።

እትዬ አበሩ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ናቸው፣ እኔ ፊደል ሳልቆጥር ጀምሮ እዚያ የነበሩ፣ መጽሐፍ ያጠፋ ተማሪ በገበያ ቀን ከሰው መሐል ለይተው በጆሮው የሚይዙ። በዚያ ሰሞን የሠራተኞች ምደባ እንደገና እየተሠራ ነበር፣ ለቤተ መጻሕፍቱ ሥራ ስምንተኛ ክፍል የማጠናቀቅ ማስረጃ ያስፈልጋል ተባለ፣ እትዬ አበሩ እስከ ሰኞ ስድስት ሰዓት ካላቀረቡ ቁልፉን ለሌላ ሰው አስረክበው ወደ ጽዳት ሊመደቡ ነው። እሳቸው ደርግ ሊወድቅ በነበረበት ዓመት፣ እዚሁ ግቢ፣ ሰባተኛና ስምንተኛም እዚህ ይሰጥ በነበረ ጊዜ ስምንተኛን ጨርሻለሁ ይላሉ፣ የዚያን ጊዜ መዝገብ ግን በጦርነቱ ተቃጥሏል። ርእሰ መምህሩ ሁለት ጊዜ መጋዘን አስፈትሸውላቸው ምንም አልተገኘም። ያን ቀንም ብቻቸውን ሆነው አሮጌ ወረቀት እየገለበጡ ነበር።

ሲያዩኝ ቀና አሉና «መጣህ ደግሞ» አሉኝ፣ «እንደዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትመላለስላት ሴት ብትሆን ኖሮ እኮ እስካሁን ድግስ በልተን ነበር።»

ትንሽ ሥራ እንዳለኝ ነግሬያቸው ወደ ጀርባዋ ክፍል ገባሁ። ቀዳዳውን ከመዝጋቴ በፊት ማንም ተጠቅሞበት እንደሆነ ማጣራት ነበረብኝ፣ ስለዚህ ሎጉን ከፈትኩ። ሎግ ማለት ማን፣ መቼ፣ ምን እንደጠየቀና ምን እንደተመለሰለት ማሽኑ ራሱ እየጻፈ የሚያስቀምጠው መዝገብ ነው። ወደ ኋላ እየሄድኩ ሳነብ አብዛኛው የተለመደ ነው፣ የባዮሎጂ ማስታወሻ፣ የሒሳብ መለማመጃ። ከዚያ አንዲት መስመር አየሁ። ያቺ ምልክት በተከታታይ ሰባት ጊዜ ተጽፋለች፣ ከእሷ ቀጥሎ «ሮስተር»፣ ከዚያ «ስምንተኛ ለ» ይላል። ሮስተር መቼም ታውቁታላችሁ፣ የአንድ ክፍል ተማሪዎች ስም፣ የየትምህርቱ ውጤት፣ ድምር፣ አማካይና ደረጃ የሚሰፍርበት ሰፊ ወረቀት ነው። እኛ ደግሞ ስምንተኛ ክፍል የለንም፣ ከዘጠነኛ ነው የምንጀምረው።

ተማሪ ነው አልኩ፣ ጎበዝ ተማሪ፣ እንዲያውም ትንሽ ደስ አለኝ። ግን መስመሯ አንድ ብቻ አልነበረችም። ካለፈው ቅዳሜ፣ ከዚያ በፊት ካለው ቅዳሜ፣ እንደዚያ እያለች ሰርቨሩን እስከ ተከልኩበት ሳምንት ድረስ ትሄዳለች፣ ሁልጊዜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ጠያቂው ከየትኛው ኮምፒውተር እንደሆነ የሚያሳየውን ቦታ አየሁት። ከዚሁ ከሰርቨሩ ነው። ማሽኑ ራሱን ነበር የሚጠይቀው።

ለዚህም ማብራሪያ ይኖረዋል ብዬ ኬብሉን ከጀርባው ነቀልኩት፣ አሁን ከየትኛውም ኮምፒውተር ጋር አልተገናኘም፣ የኬብሉን ጫፍ በእጄ ይዤ ቁጭ አልኩ። የግድግዳው ሰዓት ዘጠኝ ሊሆን ሁለት ደቂቃ ይቀረዋል። ከውጭ ምንም አይሰማም፣ ጉም ሲወርድ ደባርቅ እንዴት ጭር እንደሚል የኖረበት ያውቀዋል፣ የባጃጅ ድምፅ እንኳ ከሩቅ እንደታፈነ ነው። ዘጠኝ ሲሆን የማሽኑ ዲስክ ቀጭ አለ። አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ሌላ፣ ሰው የደረቀ ወረቀት በጣቱ እንደሚገልጥ ያለ ድምፅ። እና እመኑኝ፣ እጄ ከቁልፎቹ ርቆ፣ ኬብሉ በመዳፌ ውስጥ እያለ፣ ሎጉ ላይ አዲስ መስመር ተጻፈ። ሰባት ጊዜ ወደ ላይ፣ ሮስተር፣ ስምንተኛ ለ። በመጨረሻው ዓምድ ላይ ሁለት መቶ የሚል ቁጥር አለ፣ በማሽን ቋንቋ «ተገኝቷል፣ ተሰጥቷል» ማለት ነው።

ፈራሁ ብዬ አልዋሻችሁም፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት አልነበረም። ልጅ ሆኜ የገደሉ አፋፍ ላይ መጀመሪያ የቆምኩ ቀን የተሰማኝ ዓይነት ነገር ነው፣ ዓይን የማያስነቅል።

እንደ ልማዴ በቅደም ተከተል ሄድኩ። በራሴ እጅ አራት ጊዜ «ወደ ላይ» ብዬ ጠየቅኩ፣ «የለም» አለኝ። አምስት ጊዜ ጻፍኩ፣ የለም። ስድስት፣ የለም። በሕጉ መሠረት አራትም ሆነ ሰባት አንድ ቦታ ናቸው፣ ሁሉም ሩት ላይ ነው የሚቆሙት፣ ልዩነት ሊኖራቸው አይችልም። ሰባተኛውን ጨምሬ ጠየቅኩ።

ተከፈተ።

አንድ ገጽ ነው፣ ፎቶ ይመስላል፣ በእጅ የተሰመረ ሮስተር፣ በሰማያዊ ቀለም፣ በዚያ የድሮ መምህራን ቁም ጽሑፍ የተጻፈ። የወረቀቱ መታጠፊያ ይታያል፣ በስተቀኝ ጥግ የጣት ላብ የነካው ቦታ አለ። ከላይ የትምህርት ቤታችን የድሮ ስም፣ ከሥሩ ስምንተኛ ለ፣ የደርግ መጨረሻ ዓመት። አርባ አንድ ስም በተራ ቁጥር። በዚያ ማሽን ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ፋይል ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ ይህን አላስገባሁም፣ ማንም ሊያስገባው አይችልም፣ ወረቀቱ የተቃጠለው ደባርቅ ኮምፒውተር የሚባል ነገር ከማየቷ በፊት ነው።

ሁለተኛው መስመር ላይ «አበሩ» የሚል አነበብኩና ተነስቼ ጠራኋቸው።

እትዬ አበሩ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስሞቹን ከላይ ጀምረው ያነቡ ጀመር፣ ስም ጠሪ መምህር ጠዋት ጠዋት እንደሚያደርገው፣ ስም፣ የአባት ስም፣ ትንሽ ዝምታ። እኔ ነኝ ያስተዋልኩት፣ በእያንዳንዱ ዝምታ ላይ ዲስኩ ቀጭ ይላል። አንድ ስም፣ አንድ ቀጭ። ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ የራሳቸውን ስም ጠሩና ሳያስቡት፣ ልክ እንደ ልጅነታቸው፣ «አቤት» አሉ። ያኔ ዲስኩ ዝም አለ። ወደ ሦስተኛው ሲያልፉ እንደገና ቀጭ ማለት ጀመረ። አርባ አንዱንም እስኪጨርሱ ድረስ ዝም ያለው በሰባት ስም ላይ ነው፣ ቆጥሬያለሁ፣ ሰባቱ ዛሬም በሕይወት ያሉ መሆናቸውን እትዬ አበሩ የነገሩኝ ኋላ ነው።

አንብበው ሲጨርሱ የውጤቱን ዓምድ በጣታቸው ተከተሉ። እሳቸው ከክፍሉ ሦስተኛ ወጥተዋል፣ በመጨረሻው ዓምድ «ተዛውራለች» ይላል። ከላይ እስከ ታች ሁሉም ተዛውሯል፣ ተዛውራለች ነው፣ አንድም የወደቀ፣ አንድም ያቋረጠ የለም። እኔ በደስታ ልፈነዳ ነበር፣ «እትዬ፣ ማስረጃዎ ተገኘ» አልኳቸው፣ ሰኞ ጠዋት ይዘው ይሂዱ፣ ፊርማም ማኅተምም አለበት።

ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ይህን ፈተና እኮ አልተፈተንንም» አሉ።

አልገባኝም ነበር፣ ረጋ ብለው አስረዱኝ። ያን ዓመት ከፋሲካ በፊት ውጊያው ቀረበና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ልጆቹ ተበተኑ፣ ማጠቃለያ ፈተና የሚባል አልተሰጠም፣ ስም ጠሪያቸው የነበሩት መምህርም በዚያው ሰሞን ሞቱ። ስምንተኛን ጨርሻለሁ እያሉ ዘመናቸውን ሁሉ የተናገሩት ውሸት ነበር፣ መጀመሪያ ለሥራው ብለው ተናገሩት፣ በኋላ ራሳቸውም አመኑት። ከአርባ አንዱ ብዙዎቹ በዚያ ዓመትና በቀጣዩ ሞተዋል። አጠገባቸው ትቀመጥ የነበረችው ትርንጎ ደግሞ ትምህርት ቤቱ የተዘጋ ዕለት በሊማሊሞ በእግር ወደ ድብ ባሕር፣ አጎቷ ዘንድ እንደወረደች አልተመለሰችም፣ አስከሬንም ወሬም አልተገኘም፣ እናቷ እማማ ዘርፌ ዛሬም ድረስ ለቅሶ አልተቀመጡላትም። ትርንጎ ሮስተሩ ላይ አንደኛ ናት።

«ማንም አያውቅም» አልኳቸው፣ ይህን በማለቴ አሁን አፍራለሁ፣ «እርስዎ መማርዎን ሰው ሁሉ ይመሰክራል፣ ወረቀቱ ይኸው፣ ሌላ ምን ይፈልጋሉ?»

«አንተ ልጅ፣ እስቲ ቆይ» አሉኝ። «ይህ ወረቀት ለኔ እውነት ነው ብዬ ከተቀበልኩት፣ ለትርንጎም እውነት ነው፣ አልጠፋችም፣ ተዛውራለች ማለት አለብኝ። አንዱን ስም ይዤ ሌላውን መጣል አልችልም።»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ፣ የትርንጎ ስም ላይ አሳረፉ። በመስኮቱ ጉሙ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ቤተ መጻሕፍቱ ለሳቸው ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ልጅ አልወለዱም፣ ባል የላቸውም፣ የዚያች ክፍል ቁልፍ በአንገታቸው ነው የሚውለው። መጨረሻ ላይ «አትመው» አሉ፣ «ሁለት ቅጂ።»

ሁለት ቅጂ አተምኩ። ከዚያ ያላሰብኩት ነገር መጣብኝ፣ ቀዳዳውን ከዘጋሁት ይህ ገጽ ዳግመኛ አይገኝም፣ ካልዘጋሁት ሰኞ የሚጀምረው ፈተና ሜዳ ላይ ነው። ገጹን በማሽኑ ላይ ለማስቀረት ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር፣ የፋይሉ ስም ይቀመጣል፣ ሲከፈት ግን ባዶ ነው። ምን ላድርግ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«የልጆቹ ፈተና እዚያ ውስጥ አለ አላልክም? ዝጋው» አሉኝ፣ ወረቀቶቹን በነጠላቸው ጠቅልለው ወጡ።

አዲሱን ላይብረሪ ጫንኩ። ሰባት ጊዜ ወደ ላይ ብዬ ሞከርኩ፣ «ክልክል ነው» አለኝ። እንደ ባለሙያ ሥራዬን በሚገባ ሠርቻለሁ።

ሰኞ እትዬ አበሩ አንዱን ቅጂ ለኮሚቴው አቀረቡ። ከኮሚቴው አንዱ፣ ጡረታ የተቃረቡ ሰው፣ ፊርማውን ሲያዩ እንደደነገጡና «የመምህሬ እጅ ነው» ብለው ሌላ ጥያቄ ሳይጠይቁ እንዳሳለፉላቸው ርእሰ መምህሩ ነገሩኝ። ቁልፉ ከአንገታቸው አልወረደም። ሁለተኛውን ቅጂ ይዘው በዚያው ዕለት ከገበያው በታች ወዳለው የእማማ ዘርፌ ቤት ሄዱ፣ ምን እንዳሏቸው አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። የሰማሁት ወረቀቱ በመስታወት ፍሬም ገብቶ ከሥዕለ ማርያም አጠገብ እንደተሰቀለ ብቻ ነው።

ያ ዓመት አልፏል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሎጉን አያለሁ፣ ያቺ መስመር ከቀኑ ዘጠኝ ላይ ዛሬም ትመጣለች፣ ዛሬም ከማሽኑ ከራሱ፣ መልሱ ሁልጊዜ ክልክል ነው። ከመስከረም ወዲህ ግን ስምንተኛ ለ አትልም፣ ዘጠነኛ ሀ ነው የምትለው። ማብራሪያ ፈልጌ አጥቻለሁ። ከላይ ያለው ነው ሊወርድ የሚፈልገው ወይስ እዚህ ያለ ነገር ሊወጣ፣ እሱንም አላውቅም፣ መዝጋቴ ትክክል እንደነበር ብቻ ለራሴ በቅደም ተከተል አስረዳለሁ፣ ማስረዳቱ ከወትሮው ይረዝምብኛል።

ባለፈው ሳምንት በገበያ ቀን ከእማማ ዘርፌ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘን። አላውቃቸውም ነበር፣ እሳቸው ግን ያውቁኛል፣ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው መረቁኝ፣ ከዚያ ጠጋ ብለው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ አድርገው፣ ተማሪ ልጅ ያላት እናት ማንኛውንም መምህር እንደምትጠይቀው ጠየቁኝ።

«መምህር፣ የዘጠነኛውን ውጤት መቼ ነው የምትሰጡን?»

አፌ እንደለመደው መለሰ፣ «በሰኔ መጨረሻ ነው፣ እማማ» አልኳቸው።

«እንግዲያው እጠብቃለሁ» ብለው ፈገግ እያሉ ሄዱ። ቀዳዳው ያልተዘጋው አሮጌው ላይብረሪ ያለበት ፍላሽ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ አልጣልኩትም፣ አሁን ደግሞ ግንቦት እያለቀ ነው።